የዌብስተሮች ሜዳ

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 4፣ 1853

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። ማንበብ የማይችሉት ይበዛሉና እንደ ልማዳቸው ዞረው እኔን፣ አስተማሪዋን፣ አዩ። አነበብኩላቸው። ከወንዙ በላይ ያለው የመወጠሪያ ሜዳ በ1598 በተጻፈ ሰነድ «ለሃርደንሾ ዌብስተሮችና ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት» የተሰጠ ነው ይላል። የዌብስተር ቤተሰብ የመጨረሻ ወራሽ ጆሽዋ ዌብስተር መብቱን ለፋብሪካው ጌታ ለሚስተር ጄበዝ ሰግደን አስተላልፏል። ተቃውሞ ያለው ሰው ኖቬምበር 8 ቀን በ«ነጩ በግ» ማረፊያ ቤት የመሬት ኮሚሽነሩ ፊት ይቅረብ።

የሃርደንሾ የላይኛው መንደር ሴቶች ከእናት ከአያቶቻቸው ጀምሮ የሸመኑትን ሱፍ አጥበው በዚያ ሜዳ በእንጨት ላይ ወጥረው ያደርቁታል። ያለ ሜዳው ጨርቁ ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ጨርቅ ደግሞ ገዢ የለውም። ሚስተር ሰግደን እዚያ ላይ አዲስ የፋብሪካ አዳራሽ ሊሠራ ነው።

እማማ ሱኪ ሄሊዌል ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዛሬም በቀን አሥር ሰዓት ይሸምናሉ።

«የማን ቤተሰብ ነው ያልሽው?»

«የዌብስተር።»

«ጋሪ ነጂው ጆሽዋ? እሱ ሜዳውን የሚያውቀው ጠጥቶ ሲተኛበት ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሳነብ አልተደናቀፍኩም። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 7

አርባ ሁለት ልጆች፣ አንድ ምድጃ፣ ዝናብ። የሰግደን ሰዎች በሜዳው ዳር ችካል ተከሉ። ከትምህርት ቤቱ መስኮት ይታያል። መጋረጃውን ዘጋሁት፤ ጨለመብን፤ መልሼ ከፈትኩት።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 11

የቃላት ደብተሬን አወጣሁ። አባቴ የሰበካው ጸሐፊ ነበር፤ የአሮጌ ወረቀት ንባብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከሞተ ወዲህ የድሮ የሥራ ቃላትን ከሽማግሌዎች አፍ እየለቀምኩ እጽፋለሁ። ዎከር ዛሬ የሰው ስም ብቻ ነው፤ ድሮ ግን እርጥብ ሱፍ በእግሩ ረግጦ የሚያጠብቅ ሰው ነበር። ባጀር የዱር አውሬ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን እህል ተሸክሞ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴም ይጠራበት ነበር። ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። አውሬው እህል ሲመዝን ይታያቸዋል መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ እማማ ሱኪ ቤት ሄድኩ። መሸመኛቸው ሰገነቱን ሞልቶታል፤ የምቀመጥበት ስላልነበረ የሱፍ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። የአጃ ቂጣና አይብ ሰጡኝ።

«ያ ወረቀት ሌላ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ያነበብኩት ነው፣ እማማ።»

«እኔ እኮ ዌብስተር ነኝ» አሉ መወርወሪያውን ሳያቆሙ። «እናቴም ዌብስተር ነበረች። አያቴ እንዲያውም ሸማኔ የሚለውን ቃል አትወድም ነበር፤ ‹ሸማኔ ወንድ ነው፣ እኔ ዌብስተር ነኝ› ትል ነበር። ታዲያ እንዴት ነው የጆሽዋ ብቻ የሆነው?»

ጋጋሪዋ ባክስተር፣ ጠማቂዋ ብሩስተር፣ ሸማኔዋ ዌብስተር። በጥንት ጊዜ ያ «ስተር» የሚል የቃል ጅራት የሴት ሥራ ምልክት ነበር። ኋላ ወንዶቹም ተጠሩበት፤ ኋላም ስም ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ሰነዱ ሜዳውን የሰጠው ለአንድ ቤተሰብ ሳይሆን ለሸማኔዎቹ ነው። እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር።

ዛሬ ነው የገባኝ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 14

ጆሽዋ ዌብስተርን ድልድዩ ላይ አገኘሁት። ፈረሱን አቁሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እትዬ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረብኝ። እኔ ምን አጠፋሁ? ጌታው ራሳቸው ጠርተው ‹ሜዳው የአያት ቅድመ አያትህ ነው› አሉኝ። የተጻፈ ወረቀት አሳዩኝ። እኔ ማንበብ አልችል። በጣም ያማረ ጽሕፈት ነው ግን።»

«የማን ጽሕፈት እንደሆነ ነገሩህ?»

«አልጠየቅሁም።»

ፈረሱን ሳል ያዘው። መንገዱን ለቀቅሁለት።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 18

ሚስተር ሰግደን ከቅዳሴ በኋላ እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ። ሰው ሁሉ እያየ።

«ሚስ ክራውዘር፣ ያ የጻፉልኝ ግልባጭ እንዴት ያለ ጌጥ ነው! ጠበቃዬ ሚስተር ፒሊንግ እንዲህ ያለ ንጹሕ እጅ ለንደንም አላየሁም አለ። ቀኑ ሲደርስ ለኮሚሽነሩ ሁለት ቃል ቢሉልን አይከፋም።»

«ማስተማር አለብኝ፣ ጌታዬ።»

«የትምህርት ቤቱ ቦርድ ፈቃድ ይሰጥዎታል። ሰብሳቢው እኔ አይደለሁ?»

በትሕትና ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ጓንቴን አውልቄ እጄን ታጠብኩ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 25

ለራሴ ደብተር ከዋሸሁ ለማን እውነት ልናገር ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሚስተር ሰግደን አሮጌውን የባላባት ቤት ሲገዛ አንድ ሣጥን ወረቀት አገኘ። ማንበብ የሚችል አጥቶ እኔን አስጠራኝ። ከገበታው አቀረበኝ፤ ሚስቱ «ምሁሯ እንግዳችን» አለችኝ። ሰነዱን አነበብኩ። «ዌብስተሮች» የሚለው ላይ ስደርስ «የቤተሰብ ስም ነው፣ ዛሬም አንድ አለ» አልኩ። እንዲሁ፣ ሳላስብ፣ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ። ከዚያም በአዲስ ወረቀት ገልብጬ «የዌብስተር ቤተሰብ» ብዬ ጻፍኩና ከታች ፈረምኩ፤ ታቢታ ክራውዘር። «ቤተሰብ» የሚል ቃል በሰነዱ ላይ የለም። የጨመርኩት እኔ ነኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእጅ ወለምታ ደግሞ ይብሳል።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። «ዛሬ ነው የገባኝ» ብዬ ጽፌ ነበር። ዛሬ የቃላት ደብተሬን ስገልጥ በገዛ እጄ፣ ኤፕሪል 17 ተብሎ፣ እንዲህ ሰፍሯል፦ «ዌብስተር፤ ሸማኔ፣ ይልቁንም ሴት። ከእማማ ሱኪ።» ከኤፕሪል ጀምሮ አውቄዋለሁ። ማስታወቂያው ሳይለጠፍ፣ ችካሉ ሳይተከል ማለት ነው። ያኔ ወደ ሚስተር ሰግደን ሄጄ ተሳስቻለሁ ብል ኖሮ ነገሩ በአንድ ሲኒ ሻይ ያልቅ ነበር። አልሄድኩም። ነገ እላለሁ አልኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 3

ግልባጩን የሚያፈርስ ማስረጃ ያስፈልገኛል። የእኔ ቃል ብቻ አይበቃም፤ አንድ ጊዜ ያበላሸ እጅ ነው። ቄስ ላምፕሎን የቀብር መዝገቦቹን እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። ከ1560ዎቹ ጀምሮ ያሉ፣ ከሟቹ ስም አጠገብም ሥራው የተጻፈባቸው ናቸው፤ አባቴ ልጅ ሳለሁ አሳይቶኛል።

«ሚስ ታቢታ፣ ብራናው ያረጀ ነው፣ ይሰበራል።»

«በአባቴ እጅ አርባ ዓመት አልተሰበረም።»

«ሚስተር ሰግደን ጣሪያችንን ማደሱን ያውቃሉ።»

«መዝገቡ ጣሪያው ላይ ነው ያለው?»

ቄሱ ደግ ሰው ናቸው። ፊታቸው ቀላ። ሣጥኑን ግን አልከፈቱም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 6

ሻማ ልገዛ ሱቅ ቆሜ ሁለት ሴቶች ከበርሜሉ ኋላ ሲያወሩ ሰማሁ።

«አስተማሪዋ የሰግደንን እጅ ስትጨብጥ አየሻት?»

«ከእሱ ገበታ በልታለች አሉ። የበላ አፍ ምን ይናገራል።»

ሻማውን ሳልገዛ ወጣሁ። ከዚያ ተመልሼ ገባሁና «ሁለት ሻማ» አልኩ፤ ፊት ለፊታቸው ቆሜ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 12

ነገርኳቸው።

በእማማ ሱኪ ሰገነት አሥራ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ቆሜ፣ ልክ ለልጆች ትምህርት እንደምሰጥ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ ግብዣውን፣ ግልባጩን፣ ፊርማውን፣ ኤፕሪልን።

ሐና ባርከር፣ አራት ልጆቿን የማስተምርላት፣ መጀመሪያ ተናገረች። «ልጆቼን ‹እውነት ተናገሩ› እያልሽ መዳፋቸውን ትመቻለሽ።»

«እመታለሁ።»

«ታዲያ አንቺን ማን ይምታሽ?»

እማማ ሱኪ መወርወሪያውን አስቀመጡ። በሕይወቴ ሲያስቀምጡት ያየሁት ዛሬ ብቻ ነው።

«ሐና፣ ተይ። ብንመታት ሜዳው አይመለስ።» ከዚያ ወደ እኔ፣ «ከኤፕሪል ጀምሮ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«በሜይ ወር ቤቴ መጥተሽ ሻይ ጠጥተሻል።»

«አዎ።»

«በጁንም።»

«አዎ።»

«በጣም አዝኜብሻለሁ» አሉ። «አሁን ቁጭ በይና ምን እንደምናደርግ ንገሪን። የቋጠርሽውን ፍቺው።»

ስለ መዝገቡና ስለ ቄሱ እምቢታ ነገርኳቸው። ሐና ባርከር፣ «የአያቴን የቀብር መስመር ልይ ብል ቄሱ ይከለክሉኛል?» አለች።

«አይችሉም። የሰበካው ሰው ነሽ፣ ሙታኑም ያንቺ ናቸው።»

«ማንበብ ግን አልችልም።»

«አንባቢ ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ።»

እርስ በርስ ተያዩ። እማማ ሱኪ ቀድመው ሳቁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 15

አሥራ ዘጠኝ ሴቶች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በር ላይ ተሰለፉ፤ ሹራባቸውን ይዘው፣ እየሠሩ። አንዷ ትገባለች፣ «አያቴን ማየት እፈልጋለሁ፣ ክቡርነትዎ፣ አንባቢዬም ይቺውልዎት» ትላለች። ከዚያ ቀጣይዋ። ቄስ ላምፕሎ አራተኛዋ ላይ ተቀመጡ። ሰባተኛዋ ላይ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ወደ ምሳቸው ሄዱ።

አግነስ ሆልሮይድ፣ ዌብስተር፣ 1594። ማርጀሪ ሰትክሊፍ፣ ዌብስተር፣ የጆን ሚስት፣ 1603። አሊስ ግሪንሆው፣ ባልቴት፣ ዌብስተር። ኢዛቤል፣ ከኢዛቤል ቀጥሎ ስሙ የጠፋ፣ ዌብስተር። ስማቸው የተለያየ፣ ሥራቸው አንድ። አሥራ አንድ አገኘሁ፤ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው።

ከሁሉም የሚበልጠውን ያገኘሁት ግን መጨረሻ ላይ ነው። ዌብስተር የሚባል ቤተሰብ በሃርደንሾ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ1702 ነው። «ቶማስ ዌብስተር፣ እንግዳ፣ ከላንካሻየር የመጣ።» ሰነዱ ከተጻፈ መቶ አራት ዓመት በኋላ።

እማማ ሱኪ የአግነስ ሆልሮይድ መስመር የቱ እንደሆነ አሳዪኝ አሉ። አሳየኋቸው። ጣታቸውን ሳያስነኩ ከላይ ከላይ አስኬዱት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 18

ለጆሽዋ ከሌላ ሰው ሳይሰማ ልነግረው ሄድኩ። ጋጣው ውስጥ ፈረሱን ያጸዳ ነበር። ዌብስተር ምን ማለት እንደሆነ ስነግረው እጁን አቆመ።

«ታዲያ በሴት ሥራ ነው የምጠራው?»

«መጀመሪያ አዎ።»

«‹ነጩ በግ› ውስጥ ከሰሙ አለቀልኝ።» ከዚያ ስለ ቶማስ ስነግረው ጭራሽ ተቀመጠ፤ የእኛ አገር ሰው ከተራራው ማዶ ያለውን ላንካሻየር ከጥንት ጀምሮ ይንቃል። «ከላንካሻየር? ኧረ እትዬ፣ ሴት ሸማኔ መሆኑን ይንገሯቸው፣ ይሄን ግን ይተዉልኝ።»

መተው እንደማልችል ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከሚስተር ሰግደን ያገኘው የአዲስ ጋሪ ተስፋ እንደሆነ ነገረኝ፤ ጋሪው እስካሁን አልመጣም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 24

ከቦርዱ ደብዳቤ። «አስተማሪዋ የሰበካውን ሰላም በሚያናጋ ጉዳይ በአደባባይ ብትናገር፣ የሥራዋ ውል እንደተቋረጠ ይቆጠራል።» የምኖርበት ቤት የትምህርት ቤቱ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ኖሬበታለሁ። በጓሮው የተከልኩት የፖም ዛፍ ዘንድሮ ብዙ አፍርቷል።

አልፈራሁም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 25

ፖሙን ለቀምኩ። ሁሉንም። ገና ያልበሰለውንም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 7

ነገ ነው። ልጆቹን አሰናበትኩ። የሐና ትንሿ ልጅ «ረቡዕ እንመጣለን አይደል?» አለችኝ። «ትመጣላችሁ» አልኩ። እነሱ ይመጣሉ። ያልኩት ውሸት አይደለም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 9

ትናንት የሆነውን ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው።

የ«ነጩ በግ» የላይኛው ክፍል ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ኮሚሽነሩ ጉንፋን የያዘው ቀጭን ሰው ነው፤ መሐረቡ ከእጁ አልተለየም። ጠበቃ ፒሊንግ ሰነዱንና ግልባጬን አቀረበ። ከዚያ ለተቃውሞ እኔ ተጠራሁ። ጸሐፊው ስሜን ጻፈ።

«ሥራ?»

«አስተማሪ።»

ቀና ብሎ «ያላገቡ ነዎት?» አለና ሳይጠብቀኝ «ስፒንስተር» ብሎ ጻፈ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አልኩ፣ «በአሮጌው ፍቺው ከሆነ ስፒንስተር ማለት ፈታይ ማለት ነው፤ እኔ ክር ፈትዬ አላውቅም። በአዲሱ ከሆነ ባል የሌላት ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ሥራ አይደለም።»

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ኮሚሽነሩ መሐረቡን ከአፍንጫው አወረደ። «ይቀጥሉ» አለ።

«የመጣሁት ለዚሁ ነው። ቃል እንዲህ ከሥራ ወደ ሌላ ነገር ይንሸራተታል። ስሚዝ የሚባል ሁሉ ዛሬ ብረት አይቀጠቅጥም፤ የመጀመሪያው ግን ቀጥቅጦ ነው የተጠራው። ዌብስተርም ሽመና ነበር።» ከመዝገቡ የቀዳሁትን አሥራ አንዱን ስም አነበብኩ። ቄስ ላምፕሎ መዝገቡን ራሳቸው ተሸክመው አምጥተው ነበር፤ ማንም ሳያዛቸው። ስለ ጣሪያውም አላነሡም።

ጠበቃ ፒሊንግ ግልባጩን ከፍ አደረገ። «ይህ የማን ፊርማ ነው?»

«የእኔ።»

«‹ቤተሰብ› የሚለውን ቃል የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ። በሰነዱ የለም። ከራሴ ጨምሬ ነው።»

«እንግዲያው ያኔ ነው የዋሹት ወይስ ዛሬ?»

ሚስተር ሰግደን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። አልተቆጣም፤ ያዘነልኝ ይመስል ነበር። ያ ነው ያናደደኝ።

«ያኔ አላወቅሁም ነበር። ከኤፕሪል ጀምሮ ግን አውቄ ዝም ብያለሁ፤ ያ ፍርሃት ነው። ሁለቱንም ይጻፉት። የእኔ ጥፋት ግን የእኔ ነው፤ ሜዳውን የሚስተር ሰግደን አያደርገውም።»

ኮሚሽነሩ ጆሽዋን አስነሣ። ስለ ቤተሰቡ የሚያውቀውን ጠየቀው። ጆሽዋ ባርኔጣውን ሲያሽከረክር ቆየና «አያቴ የኛ ሰው ከተራራው ማዶ አንዲት ላም እየነዳ መጣ ይል ነበር፣ ጌታዬ» አለ። «ከየት እንደሆነ አልናገርም። ሜዳ ግን ይዞ አልመጣም። እኔም ሸምኜ አላውቅም፤ የሸሚዜን ቁልፍ እንኳ የምትተክልልኝ እህቴ ናት።»

ጠበቃው ተቀመጠ።

ስንወርድ ሐና ባርከር ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። ክንዴን ያዘችና አብረን ወረድን።

እሑድ፣ ኖቬምበር 13

ውሌ ተቋረጠ። እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን እለቃለሁ። ደብዳቤውን የፈረመው ሚስተር ሰግደን ነው። ያማረ ፊርማ የለውም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 22

ጆሽዋ ዕቃዬን በአሮጌው ጋሪው ወደ እማማ ሱኪ ቤት አጓጓዘልኝ። መጽሐፍ፣ አልጋ፣ አንድ በርሜል ጎምዛዛ ፖም። ከሰገነቱ ጥግ መጋረጃ ጋርደውልኛል። የመሸመኛው ድምፅ ጧት ይቀሰቅሰኛል። «ይለመዳል» አሉኝ። አልለመድኩትም። አላማረርኩምም።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 1

ውሳኔው መጣ። ሜዳው የሃርደንሾ ሸማኔዎች ነው። ችካሉ ይነቀል ተብሏል። ሳነብላቸው ሐና አለቀሰች፤ እማማ ሱኪ «በይ ወደ ታች ቀጥዪ፣ ወረቀት ሁሌ መጨረሻው ላይ ነው የሚናከሰው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። መጨረሻው «ለሸማኔዎቹና ለወንዶች ልጆቻቸው» ይላል። ሰነዱ የሚለው «ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት» ነው። ወንዶች ልጆች የሚል የለም። በላይኛው መንደር ደግሞ የሚሸምን ወንድ ልጅ የለም፤ ሁሉም ፋብሪካ ገብተዋል። እናቶቹ ሲያልፉ ሜዳው ባለቤት ያጣል፤ ሚስተር ሰግደን ወይ ልጁ ይጠብቃል።

ቄስ ላምፕሎ ጋ ሄድኩ። «ሚስ ታቢታ፣ አሸንፈዋል እኮ። ጸሐፊው በልማድ የጻፈው ነው። ስለ አንድ ቃል እንደገና ሰውየውን አያስቆጡት።»

«እኔም አንድ ቃል በልማድ ጽፌ ነበር» አልኳቸው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 4

ደብዳቤው ተጻፈ። ቃሉ እንዲታረም፣ እንደ ሰነዱ «ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት» እንዲባል። የጨመርኩት የለም፤ የቀነስኩትም የለም። ሦስት ጊዜ አመሳከርኩ፤ ሐናም ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች ከእኔ ጋር አመሳከረች። ከኖቬምበር ጀምሮ ማንበብ እያስተማርኳት ነው። ሌሎች አምስትም አሉ፤ ሁለቱ ትልልቅ ሴቶች፣ ሦስቱ ከፋብሪካ ሲመለሱ የሚመጡ ልጃገረዶች ናቸው። ከመሸመኛው ድምፅ በላይ ስለምንጮህ ጎረቤት ሁሉ ፊደል ቆጥሯል።

መዝገቡን ሊያዩ የተሰለፉት አሥራ ዘጠኙም ፈረሙ። አሥራ ስምንቱ የመስቀል ምልክት፣ ሐና ደግሞ ስሟን፤ «ባርከር» ላይ አንድ ፊደል ገልብጣ። አላስተካከልኩባትም። ከየስማቸው አጠገብ ሥራ የሚል ቦታ አለ። እያንዳንዷ ላይ «ዌብስተር» ብዬ ጻፍኩ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ብዕሩ ቆመብኝ።

«አንቺም ዌብስተር ብለሽ ጻፊ» አሉ እማማ ሱኪ፣ «ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ምን ልትይ ነው? አባረውሽ የለም እንዴ?»

ከሕንፃው ነው ያባረሩኝ። ስሜን ጻፍኩ፤ ከአጠገቡም፣ በትልልቁ፣ አስተማሪ።